ከእህቴ ፊት አልቆምም

የቅቤ ሽታ ነው ነገሩን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ። ዘንድሮ በጫምባላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ ጠዋት፣ ከፒያሳ ወደ ቱላ በሚሄድ ባጃጅ ተሳፍሬ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ለበዓሉ ፀጉሯን ለጋ ቅቤ ተቀብታ ኖሮ፣ ፀሐይዋ ገና ጠንከር ሳትል ቅቤው በጆሮ ግንዷ ወርዶ የአንገት ልብሷን አርሶታል። ባለባጃጁ በመስተዋቱ እያየ ስለ ወንበሩ ጨርቅ ያጉረመርማል። እኔ ግን ከመሸሽ ይልቅ ወደ ልጅቷ ጠጋ አልኩ። ስልሳ ያለፋት ሴትዮ የማታውቀውን ሰው ፀጉር ስታሸት ደግ አይመስልም፤ ልጅቷም ታዝባኝ መሰለኝ፣ ልብስዎን እንዳላበላሽብዎት እማማ አለችኝ። ይበላሽ፣ ምን ገዶኝ አልኳት። በዚያ ሰዓት እኔ ባጃጅ ውስጥ አልነበርኩም። የድሮ ቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ፤ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ጉልበቴንም አያመኝም ነበር።

ያኔ ሐዋሳን አዋሳ እንላት ነበር። በጋሪ ከዳር እስከ ዳር የምትዞር ከተማ ነበረች። ስሙኒ የያዘ ሰው፣ ንጉሥ የሚባል ነገር በተሻረበት ዘመን፣ እንደ ንጉሥ ተቀምጦ ከፒያሳ ሐይቅ ዳር ይወርዳል፤ ስሙኒ የሌለው ከፈረሱ ጎን ጎን እያወጋ በእግሩ ይወርዳል። እኛ አብዛኛውን ጊዜ ከፈረሱ ጋር ነበርን። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች እየተጋፉን የምንበላው የተጠበሰ ዓሣ ከአንድ ብር አይዘልም ነበር፤ እሱም ለሦስት ነው። ወንዶቹ መሬት የሚጠርግ ቦላሌና እንደ ጥላ የተዘረጋ ጎፈሬ፣ እኛ ከጉልበት በታች የሚወርድ የቴትሮን ጉርድ። ፒያሳ ጥግ ላይ ከነበረው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ ዘፈን ይንቆረቆራል። ዘፈኑ ድንገት ከተንገዳገደ ቴፑ ክሩን በልቶታል ማለት ነው፤ ባለቤቱ በእስክሪብቶ አጠንጥኖ እስኪመልሰው ድረስ መንገደኛው ሁሉ በየቆመበት ይጠብቃል። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ስልክ ይሸጣል። ዘፈኑ አይቋረጥም፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰውም የለም።

ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሲያቋቁም እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ ረዥም ልጅ ነበርኩ። እናቴ ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጠች። ከሸዋ በማዘጋጃ ቤት ሥራ ተዛውሮ የመጣ የተከበረ ሰው ልጅ በአደባባይ ትከሻዋን ልትነቀንቅ ነው? ዘመድ ምን ይላል? አባቴ ግን ቀበሌ የጠየቀውን ማን ይከለክላል ብሎ ነገሩን ዘጋው። የፈራ ይምሰል እንጂ ልቡ ከእኔ ጋር ነበር፤ ሬዲዮ ሲከፈት በተቀመጠበት ትከሻው ሲሰበቅ ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ።

አሰልጣኛችን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ተፈራ የሚባል ሰው ነበር። የቀበሌው ካድሬ ካለ ጓድ አሰልጣኝ፣ ካድሬው ከወጣ ጋሽ ተፈራ እንለዋለን። ቀጭን ነው፣ ቅልጥሙ ረዥም ነው፤ ሲራመድ እንደ ሐይቁ አባ ኮዳ እግሩን አንስቶ አንስቶ ያስቀምጣል፤ አንገቱ ላይ የኳስ ዳኛ ፊሽካ አይጠፋም። ከበሮው ሲመታ ግን ያ ሁሉ አጥንት የት እንደሚገባ እንጃለት፣ ውሃ ይሆናል። የጎንደሩን፣ የወላይታውን፣ የጉራጌውን፣ የኦሮሞውን ጭፈራ ሁሉ መድረክ ላይ ተምሮ መድረክ ላይ ያስተምራል። የሚያቆመን በቁመት ነበር፤ አጭር ከአጭር፣ ረዥም ከረዥም ትይዩ። ውዝዋዜ ለዓይን ነው፣ ዓይን ደግሞ የተስተካከለ ነገር ይወዳል ይላል። ማንም አልተከራከረውም። ምን ብለን?

ብርቄን ያወቅኋት እዚያ ነው። የቱላ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን ለመከታተል ከተማ አክስቷ ቤት ትኖራለች። ቅዳሜና እሑድ ቱላ ሄዳ ስትመለስ ፀጉሯ በእናቷ እጅ ቅቤ ጠግቦ ስለሚመጣ፣ የአዳራሹ ቆርቆሮ ሲግል ከሁላችን አዲስ የሸራ ጫማ ጎማ ጋር ተቀላቅሎ ያውዳል። እኛ የከተማዎቹ መጀመሪያ አፍንጫችንን ያዝን፤ በወሩ ያ ሽታ ከሌለ ልምምድ የጀመርን አይመስለንም ነበር። አባቷ አባባ ሌዳሞ ልጅቷ ደርሳለች፣ ትመለስና ትዳር ትያዝ ካሉ ቆይተዋል። አክስቷ ብልህ ሴት ነበሩ። ቀበሌ ለኪነት ይዟታል፣ እኔ ምን ላድርግ ብለው ላኩባቸው። በዚያ ዘመን ቀበሌ የያዘውን ሰው ማን ይጠይቃል? ስንቱን ያስለቀሰው ቀበሌ ለብርቄ ጥላ ሆናት። ቡድኑ ውስጥ እስካለች ትምህርት ቤት አለች፤ ከቡድኑ ከወጣች በማግስቱ ቱላ ናት። ይህንን የነገረችኝ ከሐይቁ ስንመለስ ነው፤ ለሌላ ሰው እንዳልናገር አስምላኝ።

ለዓመቱ በዓል ትርዒት ከየቀበሌው ቡድን አንድ የአካባቢው ባህል ያለበት ጭፈራ ተጠየቀ። ጋሽ ተፈራ ፋሮን መረጠ። ፋሮ የሲዳማ ወጣቶች ጨዋታ ነው፤ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው፣ በዜማው እየዘለሉ፣ በራስና በአንገት የሚነጋገሩበት። ብርቄ የቱላ ልጅ ስለሆነች እሷ ፊት እንድትመራ ተደረገ። ከትይዩዋ በቁመት የሚመጥናት ዳንጊሶ ቆመ። ዳንጊሶ ፒያሳ ብስክሌት የሚጠግን፣ ሲዘል ሸራ ጫማው መሬት የማይነካ የሚመስል ልጅ ነው፤ ሁለቱም ይህንን ጭፈራ ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ናቸው። እኛ ቁጭ ብለን ልንማር ተዘጋጀን። ከበሮው ተመታ። ሁለቱም እንጨት ሆኑ። ብርቄ ጣራ ጣራውን ታያለች፤ ዳንጊሶ የጫማውን ክር። ጋሽ ተፈራ ፊሽካውን ነፋ፣ እንደገና አስጀመረ፣ እንደገና ነፋ። ሳምንት አለፈ። ለጨዋታው አዲስ የሆንኩት እኔ እንኳን አንገቴን መስበቅ ስጀምር ባለቤቶቹ ከቀን ወደ ቀን ደረቁ።

ጋሽ ተፈራ ምን ሆናችሁ ብሎ ሲጠይቃቸው ብርቄ አንገቷን ደፋች። ዳንጊሶ ደግሞ፣ ከፈለግህ እኔ ልውጣ ብቻ አለው። ካድሬው ትዕግሥት አልነበረውም። ልጅቷ መጨፈር አትችልም፣ እስከ ሰኞ በሌላ ትተካ ብሎ ወሰነ። እኔ ብርቄን አየኋት፤ አላለቀሰችም፣ ብቻ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። በማግስቱ ዳንጊሶን ወባ ጣለው። ጋሽ ተፈራ በዳንጊሶ ቦታ ራሱ ከብርቄ ፊት ቆመና ከበሮ አስመታ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያቺ እንጨት ተነሳች። ዘለለች፣ አንገቷን ሰበቀች፣ ድምጿን ለቀቀች፤ ከበሮ መቺው እጁን ረስቶ ቆመ። ጋሽ ተፈራ ፊሽካውን ሳይነፋ ላቡን ጠረገና ችግሩ እግሯ ላይ አይደለም አለ። ያን ጊዜ መሐላዬን አፈረስኩ። ከቡድኑ ከወጣች ለትዳር ቱላ እንደምትወሰድ ሹክ አልኩት። አሰበ አሰበና፣ ከገበያ የለቃቀምኩትን ሲዳምኛዬን አስታውሶ፣ እሑድ ቱላ ትወስጂኛለሽ አለኝ።

እሑድ፣ ብርቄ ቱላ መሄዱን ፈርታ አክስቷ ቤት ቀርታ ሳለ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ደቡብ በሚወርድ አውቶቡስ ተሳፈርን። ባዶ እጅ የሰው ቤት አይገባም ብሎ ከቀበሌው ሱቅ የደረሰውን ሁለት ኪሎ ስኳር በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። ስህተታችን ይሄ ነበር። በዚያ የስኳር ችግር ዘመን ያላገባ ወንድ ስኳር ተሸክሞ፣ አንዲት ሴት አስከትሎ፣ የደረሰች ልጅ ያለበት ቤት ሲገባ ሌላ ምን ይባላል? ገና ከእንሰቱ መሐል ብቅ ስንል ሰው ተሯሯጠ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ቡርሳሜ የሚባለው በቅቤ የራሰ የቆጮ ምግብ በሸክላ ቀረበ፣ ጎረቤት ሽማግሌዎች ተጠሩ። ጋሽ ተፈራ የሲዳማ እንግዳ አቀባበል እንዲህ ነው እንዴ እያለ ይገረማል። እኔ ነገሩ ቢገባኝም በምን አፌ ልንገረው?

አባባ ሌዳሞ ሰፊ ደረት ያላቸው፣ ሳቅ የሚቀናቸው ሰው ነበሩ። ያን ዕለት ግን ኮስተር ብለው ጀመሩ። አባቱን ጠየቁት፤ ወልዴ አለ። የወልዴን አባት ጠየቁት። ዝም አለ። እኔ በደንብ ያልተረጎምኩ መስሏቸው ደገሙልኝ፤ ደገምኩለት። ጋሽ ተፈራ የያዘውን ቡርሳሜ መለሰና ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ወልዴ አባቴ አይደለም። የማሳደጊያው ዘበኛ ነው። በር ላይ ተጥዬ ያገኘኝ እሱ ነው፤ ከሱ ወዲያ የምቆጥረው የለኝም።»

ያንን ተረጎምኩ። ስንት ወር አብረን ስንውል ማንኛችንም አልጠየቅነውም ነበር። ሽማግሌዎቹ ምንጣፉን ምንጣፉን አዩ። ጋሽ ተፈራ የመጣበትን ተናገረ፤ ብርቄ ከዳንጊሶ ፊት ስትቆም ለምን እንደምትደርቅ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ልታገባት አይደለም የመጣኸው? አሉ አባባ ሌዳሞ። አይደለም አልኩ። ያ ሁሉ ሽማግሌ ስኳሩንና ጋሽ ተፈራን እያፈራረቀ አይቶ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ጋብ ሲል ዳንጊሶ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የአባቱን ስም ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«የኛው ጎሳ ልጅ ነው እኮ፤ ወንድሟ ነው» አሉ አባባ ሌዳሞ። «ፋሮ ለመተጫጨት የሚተያዩበት ነው። እናንተ አገር ወንድም እህቱን እያየ ይጨፍራል?»

ተርጉሜ ሳልጨርስ ፊቴ ጋለ። እኔም እኮ ሰባት ቤት የሚቆጠርበት ቤት ልጅ ነኝ፤ የአክስቴ ልጅ ሲታጭ እናቴ በጣቷ ስትቆጥር አድራ ነበር። ሁለቱ ልጆች ለምን እንዳልተናገሩም ያኔ ገባኝ። ካድሬው ጎሳ የሚባል ቃል በዚህ አዳራሽ እንዳይሰማ ብሎ ከተናገረ ገና ወር አልሞላውም። ከኋላ ቀር መቆጠር ያስፈራል፤ ከእህት ፊት መዝለል ያሳፍራል፤ በሁለቱ መሐል ደርቀው ቀሩ።

ልንነሳ ስንል አባባ ሌዳሞ የጋሽ ተፈራን እጅ ይዘው አስቀመጡት።

«ልታገባ መጥተህ ቢሆን ኖሮ አያትህን ካልነገርከኝ ልጄን አልሰጥህም ነበር» አሉት። «ለልጄ ብለህ ይህን ያህል መንገድ የመጣህ ግን ወንድሟ ነህ። ከእንግዲህ የሚጠይቅህ ካለ ከእኔ ጀምረህ ቁጠር።»

 ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞሮ፣ ወንድም ስለ እህቱ ትዳር ድምፅ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አለኝ። ጠየቅኋቸው። እንዴታ፣ ወንድም ሳይናገር ይሆናል? አሉ።

«እንግዲያው ትምህርቷን ትጨርስ» አለ ጋሽ ተፈራ።

አባባ ሌዳሞ በገዛ ቃላቸው መታሰራቸውን ሲያውቁ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ይሄ ሰው በሁለት ኪሎ ስኳር አባትም እህትም ገዛ አሉ። ከዚያ ዕለት በኋላ የትዳሩ ነገር አልተነሳም።

ሰኞ ብርቄን በአዳራሹ በር ላይ ቆማ አገኘናት፤ የተሰረዘች መስሏት ልትሰናበተን ነው የመጣችው። ጋሽ ተፈራ ፊሽካውን ነፍቶ ሰልፉን አፈራረሰው። ከወባው ያገገመው ዳንጊሶ ከእኔ ፊት ተተከለ፤ ከእሷ ፊት አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣ ከእሷ በራስ የሚበልጥ ልጅ ቆመ። ልጁ አረማመዱ አልገባህ ሲለው ብርቄ ጋሽ ተፈራን እንደዚያን ቀን ከፊቴ ቆመህ አሳየው አለችው። ጋሽ ተፈራ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አይሆንም» አላት። «ከእህቴ ፊት አልቆምም።»

የእሑዱን ነገር ገና ማንም አልነገራትም ነበር። ወደ እኔ ዞረች፤ ራሴን ነቅንቄ እውነት ነው አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከበሮው ሲመታ ግን ቀድማን ዘለለች። ካድሬው ሲመጣ አጭርና ረዥም ተቀላቅሎ አይቶ ይሄ በምን ተሰለፈ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ተፈራ ዓይኑን ሳያሽ፣ በቁመት ነው ጓድ አለው። ካድሬው ረዥሙን ልጅ አየ፣ ብርቄን አየ፣ ዳንጊሶንም አየ፤ ከዚያ ደህና፣ ቀጥሉ ብሎ ወጣ። የጎጃም ሰው ነበር። እናቱ ሰባት ቤት ሳታስቆጥር ያሳደገችው አይመስለኝም።

በትርዒቱ ስንተኛ እንደወጣን ብትጠይቁኝ አላስታውስም። የማስታውሰው ብርቄ አሥራ ሁለተኛን መጨረሷን፣ ነርስ መሆኗን፣ የእኔን የመጀመሪያ ልጅ ያዋለደችኝም እሷ መሆኗን ነው። እኔም አስተማሪ ሆንኩና ጡረታ እስክወጣ የትምህርት ቤታችንን የባህል ክበብ ይዤ ኖርኩ። እግራቸውን ከማየቴ በፊት ልጆቹን አስቀምጬ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ እናታቸው በሠርግ ምን እንደምትጨፍር፣ ከማን ፊት መቆም እንደሚያፍሩ እጠይቃለሁ። ወላጅ ሲሰማ መዝገብ ቤት ነሽ እንዴ ይለኛል። ይበል። እርምጃ ማንም ያስተምራል፤ እኔ ከጋሽ ተፈራ የወሰድኩት ሌላ ነው፣ ለዚያም ስጦታ ሳመሰግነው እኖራለሁ።

ባጃጁ ቱላ አደረሰኝ። ያ ሁሉ እንሰት የነበረበት ግማሹ ዛሬ ብሎኬት ቤት ሆኗል፤ የአባባ ሌዳሞ ግቢ ግን ዛፉም እንሰቱም አለ። እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ጋሽ ተፈራ ቡድኑ ሲበተን ወደ አዲስ አበባ አልተመለሰም። ማን ጋ ይመለሳል? አባባ ሌዳሞ ከእንሰቱ ዳር ቤት መሥሪያ ሰጡት፤ ሲያገባም አባት ሆነው ሽማግሌ የላኩለት እሳቸው ናቸው፣ ከሌላ ጎሳ ነው እንግዲህ። ብርቄ በሩ ላይ አይዴ ጫምባላላ ብላ ተቀበለችኝ፤ ስንሳሳም ቅቤዋ ጉንጬ ላይ ቀረ፣ አልጠረግኩትም። ዛፉ ሥር የሰፈሩ ሕፃናት ለጭፈራ ተሰልፈዋል። ጋሽ ተፈራ በትሩን ተደግፎ፣ ያንኑ ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ እየዞረ እያንዳንዱን የማን ልጅ ነህ፣ የማን ልጅ ነሽ ይላል። መጨረሻ ላይ የቆመው የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ የራሱን ቆጥሮ ጨረሰና ቀና ብሎ አየው።

«እርስዎስ የማን ልጅ ነዎት?» አለው።

 ብርቄ ክንዴን ያዘችኝ። ጋሽ ተፈራ በትሩን አስተካክሎ ተደገፈና ጀመረ፤ ተፈራ፣ ሌዳሞ፣ በራሳ፣ ሐሜሶ፣ ሻላሞ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ አንዱም ጋ ሳይቆም ሰባተኛው ድረስ ቆጠረ። የብርቄ ከንፈር አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር።

«እንግዲያው የኛው ነዎት» አለ ልጁ።

ጋሽ ተፈራ ራሱን ነቀነቀ። ፊሽካውን አንስቶ ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ለመንፋት ግን ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።